የ1930 ሞዴል ኤ ፎርድን በቤት ጋራዥ ሆት ሮድ ማድረግ፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ጋራዥ ሠርቻለሁ፤ ቮልስና ፊያት ፈትቼ ገጥሜያለሁ። አሁን የ1930 ፎርድ ሞዴል ኤ ኩፕ ገዛሁ። ቦዲና ሻንሲ አለው፤ ሞተርና ካምቢዮ የለውም። በ1940ዎቹ መጨረሻ የካሊፎርኒያ ልጆች ይሠሩት የነበረውን ዓይነት ሆት ሮድ፣ ማለትም ለፍጥነት የተለወጠ አሮጌ መኪና፣ ላደርገው እፈልጋለሁ። ጋራዤ ሁለት መኪና ይይዛል። ብየዳ ትንሽ እችላለሁ። ሞተሩ የድሮው ፍላትሄድ ይሁን ወይስ ሸቭሮሌ? መኪናውን እንዴት ዝቅ ላድርገው? ከየትስ ልጀምር?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ቦዲውና ሻንሲው ያልተለያዩ ሞዴል ኤ ኩፕ ጥሩ መነሻ ነው። ጋራዥ የለመደ እጅ ካለህ ደግሞ ብዙውን ነገር ታውቀዋለህ። እኔ ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ የምሠራው በነዚሁ አሮጌ ፎርዶች ላይ ነው። የምነግርህም በየቀኑ ከማየውና ከምነካው ነው።

ሦስት ነገር ጠይቀሃል። ለሦስቱም መልስ የሚሰጥ ግን አንድ ውሳኔ አለ። እሱን ሳትወስን አንድ ቡሎን እንኳ አትግዛ። ውሳኔው ይኼ ነው፦ መኪናህ በየትኛው ዓመት ተሠርቶ ያለቀ እንዲመስል ትፈልጋለህ? አንድ ዓመት ምረጥ። ወረቀት ላይ ጻፈውና ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ከዚያ ዓመት በኋላ የወጣ ነገር በዓይን በሚታይ ቦታ አይግባ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አንተ «የ1940ዎቹ መጨረሻ» ብለሃል። እንግዲያው 1949 እንበል። ይህችን ቁጥር ስትይዝ ብዙው ጥያቄ ራሱ ይመለሳል። የሸቭሮሌው ትንሹ ቪ8 የወጣው በ1955 ነው፤ ስለዚህ ቀረ። ሞተርህ ፍላትሄድ የሚባለው የድሮው የፎርድ ቪ8 ነው። ጎማህ ባለ 16 ኢንች የብረት ቸርኬ ላይ ነው። ፍሬንህ ፎርድ ከ1939 እስከ 1948 የገጠመው የዘይት ፍሬን ነው። የፊት እግሩ ወጥ አክስል ነው። ገንዘብህም ይተርፋል፤ ምክንያቱም የሚያባክነው ሐሳብ መቀያየር ነው። ሳይጠናቀቁ የሚሸጡ ሆት ሮዶችን ብዙ አያለሁ። አብዛኞቹ ላይ የሦስት ዘመን ዕቃ ተደባልቆ ነው የማገኘው። ባለቤቱ ያማረውን ሁሉ ገዝቷል፤ ዕቃዎቹ ግን እርስ በርስ አይገጥሙም።

የዚያ ዘመን ዕቃ እርስ በርስ የሚገጥመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሄንሪ ፎርድ በያዘው ነገር የሚጸና ሰው ነበር። እስከ 1948 ድረስ የፎርድ መኪኖች ከፊትም ከኋላም የሚንተራሱት ከግራ ወደ ቀኝ በተጋደመ አንድ ባሌስትራ ላይ ነው። የቸርኬው ቡሎን አጣጣልም ከሞዴል ኤ አንስቶ ለረጅም ጊዜ ያው ነው፤ አምስት ቡሎን፣ 5 ተኩል ኢንች። በዚህ ምክንያት አንድ ወጣት ከብረት መጣያ የ1940 ፎርድ ፍሬን አምጥቶ የ1930 መኪና ላይ በትንሽ ሥራ ይገጥመው ነበር። ሆት ሮድ የተወለደው ከዚህ ነው።

ታሪኩን ትንሽ ልንገርህ፤ ለሥራው ይጠቅምሃል። ከሎስ አንጀለስ ወደ በረሃው ስትወጣ የደረቁ ሐይቆች አሉ። ሙሮክ አንዱ ነው፤ ኤል ሚራዥ ሌላው። መሬታቸው እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። ወጣቶቹ መኪናቸውን እያቀለሉ እዚያ ለፍጥነት ይሮጡ ነበር። በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት ለኪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬም አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት ልጆች ብየዳም፣ ሞተርም፣ የአውሮፕላን ብረትም ተምረው መጡ። በ1949 ደግሞ ዩታ ውስጥ ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ የመጀመሪያው የፍጥነት ሳምንት ተካሄደ። መኪናቸው ላይ የምታየው ነገር ሁሉ ምክንያት ነበረው። ፓራፋንጎውን የነቀሉት ክብደት ለመቀነስ ነው። ከኋላ ትልቅ ጎማ ያስገቡት ሞተሩ ሳይጮህ መኪናው እንዲፈጥን ነው። ከፊት ትንሽ ጎማ ያደረጉት አፍንጫው ዝቅ እንዲልና እንዲቀል ነው። አንተም አንድ ነገር ስትጨምር ወይም ስትነቅል «ለምን?» ብለህ ጠይቅ። መልስ ካጣህለት ተወው። ዝገቱን ሆን ብሎ የሚያሳይ፣ ብየዳው የተዝረከረከ መኪና አሁን በዝቷል። የዚያን ጊዜ ልጆች እንዲህ አልሠሩም። ገንዘብ ባይኖራቸውም የሚችሉትን ሁሉ አጥርተው ይሠሩ ነበር። ለዚህ ነገር ግድ የሚለኝ ለእነሱ ክብር ስላለኝ ነው።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ። ከመፍቻ በፊት ግን ወረቀቱ። የሞዴል ኤ መለያ ቁጥር ፎርድ የሞተሩን ቁጥር ሻንሲው ላይ የመታው ነው። ያለበት ቦታ በግራ በኩል ባለው ረጅም ብረት አናት ላይ ነው፤ ቦዲው ይሸፍነዋል። ቦዲውን ስታነሳ መጀመሪያ የምታደርገው ያንን ቁጥር ማጽዳትና ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር ማስተያየት ይሁን። ካልገጠመ እዚያው ቁም። መኪና መመዝገቢያ ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አለው። ፓራፋንጎ የሌለው መኪና መንገድ ላይ ይፈቀዳል ወይ፣ የሚለውንም እዚያው ጠይቅ።

አንድ ነገር አደራ። ጋራዥህ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ከሆነና የውሃ ማሞቂያው እዚያ ካለ፣ ማሞቂያው ዘወትር የሚበራ ትንሽ እሳት ሊኖረው ይችላል። የቤንዚን ትነት ደግሞ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ቤንዚንና ቀለም ማሟሟያ እዚያ አካባቢ አትክፈት። እሳት ማጥፊያ በር አጠገብ ስቀል። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ በአየር አትንፋው፣ በውሃ አርጥበህ ጥረገው። የድሮ ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ያለ ጭንብል አትፈግፍገው። መሣሪያ ብዙ አያስፈልግህም። በ220 ቮልት የሚሠራ ሚግ (ሽቦውን በጋዝ እየከለለ የሚበይድ) ማሽን፣ ግራይንደር፣ ጥሩ ክሪክ፣ አራት ጠንካራ መቆሚያ፣ ረጅም ቀጥ ያለ ብረትና ማዕዘን መለኪያ በቂ ናቸው።

ቦዲውን ከማንሳትህ በፊት ደግሞ በበሮቹ ክፍተት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ቱቦ ብረት በያይደህ አስረው። ያለዚያ ቦዲው ሲነሳ ይጣመማል፤ በሮቹም መልሰው አይዘጉም። የሞዴል ኤ ኩፕ ውስጡ እንጨት አለው፤ ጣሪያውም መሃሉ ወጥ ላሜራ ሳይሆን በእንጨት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው። እንጨቱ ከበሰበሰ ቦዲውን የሚይዘው ነገር የለም ማለት ነው።

«ከየት ልጀምር?» ላልከው መልሴ ይኼ ነው፦ ከጎማው። ብዙ ሰው ሞተር ይገዛል። አንተ አራት ቸርኬና አራት ጎማ ግዛ። ከፊት 5.50 በ16፣ ከኋላ 7.00 ወይም 7.50 በ16። በዘመኑ አሠራር የተሠራ፣ ክሩ በሰያፍ የሚሄድ ጎማ ዛሬም በአዲስነት ይሸጣል። የፊቱ ቁመቱ 27 ኢንች ገደማ ነው፤ የኋላው ከ30 ይበልጣል። ይህ ልዩነት ብቻውን መኪናውን ወደ ፊት ያዘነብለዋል።

ከዚያ የሙከራ ገጠማ ጀምር። ሻንሲውን መቆሚያ ላይ አስቀምጥ። አክስሎቹን ከሥሩ አስገባ። ጎማዎቹን ግጠም። ቦዲውን ከላይ አስቀምጥ። ባዶ የሞተር ብሎክ ካገኘህ ሰቅለህ አስገባው። ራዲያተሩን አቁም። ወንበር ቢጠፋ እንጨት ላይም ቢሆን ተቀመጥና መሪውን ያዝ። በዚህ ጊዜ ምንም አይቆረጥም፤ ብየዳም ቢሆን ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው። ከዚያ ራቅ ብለህ እየው። ፎቶ አንሳው። ሳምንት ተወውና እንደገና እየው። የመኪናው አቋም ካልጣመህ አሁን በአንድ ሰዓት ታስተካክለዋለህ። ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን በዓመትም አታስተካክለው።

ገጠማው ለዓይን ብቻ አይደለም። ምሳሌ ልስጥህ። የፊት አክስሉ ፔርኖ፣ ማለትም ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ፒን፣ ወደ ኋላ ትንሽ ያዘነብላል። ካስተር የሚባለው እሱ ነው። መሪው ከመታጠፊያ በኋላ ወደ ቀጥታው የሚመለሰው በእሱ ነው። ለእንዲህ ዓይነት መኪና ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ጥሩ ነው። አሁን አስብ፤ አፍንጫውን 2 ዲግሪ ዝቅ ስታደርግ ከካስተሩ ላይ 2 ዲግሪ ቀነስክ። ዊሽቦኑን፣ ማለትም አክስሉን ከኋላ ሆኖ የሚይዘውን ባለ ሹካ ዘንግ፣ ሻንሲው አግዳሚ ሆኖ ሳለ በያይደኸው ከሆነ መኪናው መንገድ ላይ መዋለል ይጀምራል። የሞተሩ አቀማመጥም እንዲሁ ነው። ካርቡራቶሮቹ ቀጥ ብለው መቀመጥ ያለባቸው መኪናው በጎማው ላይ ሲቆም ነው እንጂ መቆሚያ ላይ ሳለ አይደለም። ስለዚህ የመጨረሻውን ከፍታ ሳታውቅ ምንም ነገር ለዘለዓለም አትበይድ።

ዝቅ የማድረጉን ነገር በቅደም ተከተል ልንገርህ። ከፊት መሃሉ ዝቅ ብሎ ጫፎቹ ይበልጥ ወደ ላይ የታጠፉ አክስል ግዛ፤ የተለመደው 4 ኢንች ዝቅ የሚያደርገው ነው። ከባሌስትራው ዋናውን ቅጠል ዓይኖቹ ተገልብጠው የተሠሩበትን ስታስገባ ሌላ አንድ ኢንች ያህል ታገኛለህ። ከኋላም እንዲሁ የተገለበጠ ዓይን ያለው ባሌስትራ አለ። በቃ። ለመጀመሪያ መኪና ከዚህ አትለፍ። ሻንሲውን ከኋላ ቆርጦ በደረጃ መቀጠል አለ። የቦዲውን ወለል ቆርጦ ቦዲውን በሻንሲው ላይ ማስመጥም አለ። ሁለቱም የዘመኑ ናቸው፤ ሁለቱም ያምራሉ። ግን ሞዴል ኤ ኩፕ ውስጡ ጠባብ ነው። ቦዲው ሲሰምጥ አንድ ሙሉ ሰው ጉልበቱን የሚያደርግበት ያጣል። ጣሪያ ማሳጠርንም አሁን ተወው። የሞዴል ኤ መስታወት ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደፊት ስትለምድ ልትሠራው ትችላለህ። ልብ በል ደግሞ፦ ጎማ ቢተነፍስ ከቸርኬው ጠርዝ በታች የሚወርድ አንድም ዕቃ አይኑር። ከአንዱ ቸርኬ ጠርዝ ወደ ሌላው ክር ዘርግተህ እየው። ክሩን የሚነካ ካለ መንገዱንም ይነካል።

ሻንሲው ራሱ ደካማ ነው። ሞዴል ኤ የተሠራው 40 የፈረስ ጉልበት ላለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ጎናቸው ክፍት ነው፤ እንዲተጣጠፉም ታስበው ነው የተሠሩት። የቪ8 ጉልበት ስትጨምርበት ግን ችግር ነው። ክፍቱን ጎን በወፍራም ላሜራ ዝጋው። ከዚያ በፊት ቀለምና ዝገቱን አውጣና ስንጥቅ ፈልግ፤ በተለይ የፊቱ አግዳሚ ብረት በሪቬት የተመታበት አካባቢ። ከጥግ ወደ ጥግ በመስቀለኛ ለካ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ተጣሟል። ስትበይድ ደግሞ አትቸኩል። አንድ ኢንች በይድ፤ ወደ ሌላው ጫፍ ሂድ፤ አንድ ኢንች በይድ፤ ወደ ሌላው ጎን ተሻገር። በአንድ ትንፋሽ ከበየድከው ብረቱ እንደ ሙዝ ይታጠፋል፤ ማቃናቱም ከብየዳው ይበልጣል። ለካምቢዮውና ለፔዳሎቹ መያዣ የሚሆን መካከለኛ አግዳሚ ብረትም ያስፈልግሃል። ቦታውን የሚነግርህ የሙከራ ገጠማው ነው።

«ብየዳ ትንሽ እችላለሁ» ብለሃል። እሺ፤ ላሜራውን፣ የወለሉን ጥጋን፣ የባትሪውን ሳጥን አንተ በይድ። ነገር ግን የዊሽቦኑን ጫፍ፣ የመሪ ሣጥኑን መያዣና የፍሬን ፔዳሉን መያዣ የተመሰከረለት በያጅ ይሥራልህ። አንተ ቆርጠህ፣ አስተካክለህ፣ በነጥብ አስረህ ውሰድለት። የመሪ ክንድ ደግሞ ጭራሽ አይበየድም፤ ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት ነው። ዝቅ ያለ አክስል ስትገጥም ማያያዣው ዘንግ ከዊሽቦኑ ጋር ስለሚጋጭ ወደ ታች የታጠፈ የመሪ ክንድ ያስፈልግሃል። ሥራው የሆነ ሰው አሙቆ ያጠፈውን ወይም በዚያው ልክ ተሠርቶ የመጣውን ግዛ።

ዊሽቦኑን ለሁለት ከፍለህ ጫፎቹን ሻንሲው ላይ የምታስር ከሆነ ቱቦ አክስል አትጠቀም። ወጥ የተቀጠቀጠው አክስል ትንሽ መጠማዘዝ ይችላል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ያስፈልገዋል። ቱቦው አይጠማዘዝም፤ ጭነቱ ብየዳው ላይ ይወድቃል። ለመሪ ሣጥን የ1948–52 የፎርድ ኤፍ-1 ፒክአፕ ሣጥን ይሻላል። ጠንካራ ነው፣ ለዘመኑም ቅርብ ነው። ሁለት ዓይነት አገጣጠም አለ። የመሪው ዘንግ ከሣጥኑ ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ የኋላ ጫፉ ከዊሽቦኑ መታጠፊያ አጠገብ ይሁን። ያለዚያ መኪናው በተነሣና በወረደ ቁጥር መሪው ራሱ ይዞራል። ከቀኝ ወደ ግራ የሚሻገር ከሆነ ደግሞ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዝ ዘንግ ጨምር፤ ርዝመቱንና አቅጣጫውን ከመሪው ዘንግ ጋር አመሳስለው። ቴስቲናዎቹ፣ ማለትም የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መጋጠሚያዎች፣ ሁሉም አዲስ ይሁኑ። የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል ከ1/16 እስከ 1/8 ኢንች ይጠጋጉ። ይህን ጋራዥህ ውስጥ በሜትርና በክር መለካት ትችላለህ።

ፍሬን ላይ ቆየት ልበል። ፎርድ የዘይት ፍሬን የጀመረው በ1939 ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉ በዘንግና በገመድ ነበር። ከ1939 እስከ 1948 ያለው ባለ 12 ኢንች ታምቡር ፍሬን ለእንደዚህ ዓይነት ቀላል መኪና ይበቃል። «አይይዝም» የሚሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያላስተካከሉት ናቸው። የፍሬኑ ጫማዎች ከታች የሚታጠፉበት ፒን ራሱ ይስተካከላል። ጫማው ከታምቡሩ ጋር እኩል ካልገጠመ ጫፉ ብቻ ነው የሚነካው። ታምቡሩን አስቆርጥ፤ ሸራውን ከታምቡሩ ልክ ጋር አስፈጭ፤ ፒኑንም አስተካክል። ያን ጊዜ ይይዛል።

እዚህ ላይ ከ1949 ሕግህ እንድትወጣ እለምንሃለሁ። የዘመኑ ማስተር፣ ማለትም የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ዋና ሲሊንደር፣ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ግዛ። ከወለሉ ሥር ስለሚሆን ማንም አያየውም። ማስተሩ ከጎማዎቹ ሲሊንደር ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ለታምቡር ፍሬን 10 ፒ.ኤስ.አይ የሚይዝ ማቆያ ቫልቭ አስገባ። ቱቦውን አዲስ አድርግ፤ ጫፉ ድርብ ጥቅልል ይሁን። የደህንነት ቀበቶ፣ ፊውዝ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሲሰበር የማይበተን መስታወት፤ እነዚህም ከሕጉ ውጪ ናቸው። ለነፍስህና ከጎንህ ለሚቀመጠው ሰው ዓመት አይመረጥም።

ሞተሩ ላይ ደረስን። ፍላትሄድ የሚባለው ቫልቮቹ ቴስታታው ላይ ሳይሆን ብሎኩ ውስጥ ስለሆኑ ነው፤ ቴስታታው ጠፍጣፋ ክዳን ነው። ፎርድ በ1932 ሲያወጣው 221 ኩብ ኢንች፣ 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለተራው ሰው ኪስ የሚሆን ቪ8 እሱ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1953 መኪኖች ላይ ተገጠመ። አንተ የምትፈልገው ከጦርነቱ በኋላ ያለውን 239 ኩብ ኢንች ነው፤ 100 ፈረስ። ከ1946–48 ያለው 59 የሚባለው ነው። የካምቢዮ ቤቱ ከብሎኩ ጋር አብሮ ስለተሠራ የድሮው ካምቢዮ በቀጥታ ይገጥምለታል። ከ1949 ጀምሮ ያለው 8ቢኤ ይባላል። እሱም ጥሩ ነው፤ ግን የካምቢዮ ቤቱ ስለተለየ ከአሮጌ ካምቢዮ ጋር ለመግጠም ማገናኛ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንተ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

የፍላትሄድ ችግር አንድ ነው፤ ሙቀት። የተቃጠለው ጋዝ ወደ ማርሚታ ከመድረሱ በፊት በብሎኩ ውስጥ፣ በውሃው መሃል ያልፋል። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ጎን ለአራት ሲሊንደር ሦስት መውጫ ብቻ ነው ያለው፤ መሃለኞቹ ሁለቱ ይጋራሉ። ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ብሎኩ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ በቫልቭ መቀመጫና በሲሊንደሩ መካከል ነው። ክረምት ላይ ውሃ ቀርቶበት የበረደ ብሎክ ደግሞ በጎኑ ይሰነጠቃል። ኮሎራዶ ውስጥ ይህንን በደንብ ተመልከት።

ስለዚህ ብሎክ ስትገዛ «ይዞራል» የሚለውን አትመን። አውልቀህ ወደ ማሽን ሱቅ ውሰድ። በኬሚካል ይታጠብ፤ በማግኔት ስንጥቅ ይፈለግበት፤ በግፊት ይፈተሽ። ይህ ሳይሆን ለሲሊንደር ማስፋትም ሆነ ለፒስተን አንድ ዶላር አትክፈል። የውሃው መንገድ ውስጥ ከፋብሪካ ጀምሮ የቀረ የመቅለጫ አሸዋና ሽቦ ታገኛለህ። ከሰባት አሥርት ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጧል። በረጅም ሽቦ እየፈተፈትክ አውጣው። «ፍላትሄድ ይፈላል» የሚባለው ወሬ ከዚህ ቆሻሻ፣ ካረጀ ራዲያተርና ከዘገየ የእሳት ጊዜ የመጣ ነው። ሦስቱን አስተካክል፤ አዲስ አበባ ላይ ቮልስ እንዳላስቸገረህ ይኼም አያስቸግርህም።

ጉልበት ከፈለግህ የ1949–53 ሜርኩሪ ኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) አለ፤ ፒስተኑ 4 ኢንች ይጓዛል። 239 የነበረው 255 ኩብ ኢንች ይሆናል። ከተገቢው ፒስተን ጋር ይገጠማል። ኤዴልብሮክና ኦፈንሃውዘር የአሉሚኒየም ቴስታታና ሁለት ካርቡራቶር የሚይዝ ማስገቢያ ይሠሩ ነበር፤ ስማቸው ከዚያ ዘመን ጋር የተቆራኘ ነው። የመጭመቂያው ልክ ከ8 ለ1 አይለፍ። ካርቡራቶር ስትሮምበርግ 97 ይሁን፤ ፎርድ ራሱ በ1936–38 የገጠመው ነው። ሁለቱን ከላይ ስታያቸው ደስ ይላሉ። የቤንዚን ግፊቱ ግን ከ3 ፒ.ኤስ.አይ በታች ይሁን፤ ከበለጠ ያጥለቀልቃል። የአንተ ከተማ ደግሞ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለሎስ አንጀለስ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚለካበትን ቀዳዳ፣ አሳንስ፤ ካንዴላውን እያወጣህ ቀለሙን እይ። አዲስ አበባ ከዚያም ከፍ ስለምትል ጥቁር ካንዴላ ምን እንደሚል ታውቃለህ።

ካምቢዮ የ1939 ፎርድ ባለ ሦስት ማርሽ፣ ማርሹ ከወለል የሚወጣው። አንደኛ ማርሽ መኪናው ሳይቆም አይገባም፤ ትለምደዋለህ። የሞዴል ኤ የኋላ አክስል ለቪ8 አይሆንም፤ የ1940–48ን ፈልግ። ሁለት ሥራ ይጠብቅሃል። የሞዴል ኤ ባሌስትራ በአክስሉ አናት ላይ ይቀመጣል፤ በኋለኞቹ ላይ ቦታው ስለተለወጠ መያዣውን መቀየር ግድ ነው። የ1940 ፎርድ በሁለቱ አክስሎች መካከል 112 ኢንች አለው፤ ያንተ 103 ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንጉና የሚሸፍነው ቱቦ ይቆረጣሉ። ልኩን ከሙከራ ገጠማው ውሰድ፤ መቁረጡን ለማሽን ሱቅ ተው።

የቤንዚን ታንኩ ከፊት ለፊትህ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ነው። የቦዲው አካል ስለሆነ ቅርጹን ጠብቀው፤ ቤንዚን ግን አትሙላበት። አዲስ ታንክ ከኋላ አስገባ። አሮጌውን ታንክ አጥቤዋለሁ ብለህ አጠገቡ እንዳትበይድ፤ ትነቱ ከስንት ዓመት በኋላም ይፈነዳል። ብየዳ ካስፈለገው ነቅለህ ታንክ ለሚሠራ ሰው ስጠው።

ዕቃ ፍለጋውን ትወደዋለህ። ፖሞና፣ ካሊፎርኒያና ሄርሺ፣ ፔንሲልቫኒያ ትልልቅ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። ሶማሌ ተራ የሠለጠነ ዓይን እዚያ ይከፍልሃል። አክስል ስታነሳ የፔርኖውን ቀዳዳ ሰፋ አልሰፋ እይ። ታምቡር ስታነሳ በጣትህ መታ አድርገው፤ የተሰነጠቀ አይደውልም።

ቀለም፣ ወንበርና መብራት መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ብዙ አልልባቸውም። ጥቁር ቀለም፣ የ1940 ፎርድ መሪ፣ የ1939 ፎርድ የኋላ መብራት፤ ከዚህ ጋር አይሳሳትም። የበሮቹን ታች የበላውን ዝገት ቆርጠህ አዲስ ላሜራ በይድበት፤ ስቱኮ ለማለስለስ ነው እንጂ ቀዳዳ ለመድፈን አይደለም። ኤሌክትሪኩን ከ6 ቮልት ወደ 12 ቀይረው፤ የድሮው ፎርድ ፖዘቲቩ ነበር ከብረቱ ጋር የሚያያዘው፣ አንተ ኔጌቲቩን አያይዝ።

መኪናውን ቀለም ሳይቀባ ንዳው። ፈቃዱን አውጥተህ በሰፈር ውስጥ ቀስ ብለህ ጀምር። ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ፍሬኑን ደጋግመህ ሞክር። ወደ ቤት ስትመለስ ከሥሩ ገብተህ የፈሰሰ፣ የላላ፣ የተፋቀ ፈልግ። ቡሎኖቹን ሁሉ አንድ በአንድ በመፍቻ ንካ። በተለይ የኋላ ቸርኬ መያዣውን ትልቁን ዳዶ። የድሮ ፎርድ አክስል ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ መያዣው በቁልፍ ብረትና በጥብቀት ብቻ ነው የሚቆመው። ወደ 200 ፉት-ፓውንድ ይጥበቅ፤ ከመጀመሪያው መንዳት በኋላም እንደገና ይታይ፤ ኮፒልያውንም አዲስ አድርግለት። ይህ ሁሉ ሲያልፍ ፈትተህ ቀለም ቀባው። የሙከራ ገጠማውን ስትጨርስ ደግሞ ከጎን የተነሣ ፎቶ ላክልኝ፤ የፊቱን ከፍታና የካስተሩን ዲግሪ ጽፈህ።